ለትንሿ ትንኝ ስም ማውጣት

በአፍሪካ እርጥብ ደኖች፣ በበሰበሰ ግንድና በእንጉዳይ ዙሪያ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝም፣ ጀርባዋ የጎበጠ ትንኝ ትበራለች። እጮቿ በአብዛኛው ፈንገስ በልተው ስለሚያድጉ የእንጉዳይ ትንኝ እንበላት።

ዝርያዋ እንዴት ይለያል? ዓይኖቿ ከአንቴናዎቿ በላይ ተገናኝተው ድልድይ ከሠሩ፣ ሲያሪዴ ከተባለው ቤተሰብ የመሆኗ ምልክት ነው። የክንፍ ሥሮቿ አሰላለፍም ይመረመራል። ዋናውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የወንዱ የመራቢያ አካል ነው፤ እንስቶቹ እጅግ ይመሳሰላሉና። ባለሙያው የሆዱን ጫፍ ቆርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያጠራዋል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያየ እያንዳንዷን እሾህና ፀጉር ይስላል። እንደ ቁልፍ ጥርስ፣ ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ሎይክ ማቲል የካሜሩንንና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን የእንጉዳይ ትንኞች ያጠኑት እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሚጠይቅ ሥራ ነው። የሚደነቅ ትጋት!

ትንኟ አዲስ ዝርያ ከሆነች ስሟ የሚታሰርበት ዋቢ ናሙና ይሰየምላታል። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ለታተመ የዝርያ ስም ይህ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ስሙ አይጸናም። ከአፍሪካ የተሰበሰቡ ብዙ ዋቢ ናሙናዎች ዛሬም በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የራሳቸውን የነፍሳት ስብስብ ሊያጠናክሩና ለተማሪዎቻቸው ሊከፍቱ ይገባል።