በረሃውን በእግር ማወቅ
(በአዳማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በጸደይ ወራት በረሃ ወርዶ በእግር ስለ መጓዝና በድንኳን ስለ ማደር ነው። ነገሩ ለመዝናኛ ብቻ የሚነሣ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ መንገድ፣ ቦይና ድልድይ ለሚሠራ መሐንዲስ ከሥራው ተነጥሎ የሚታይ አለመሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። የከተማ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ጸደይ የሚለው የመስከረምን የአበባ ወራት ስለ ሆነ፣ በስሙ ተታሎ ወደ መተሐራ የሚወርደውን መንገደኛ የሚጠብቀው ሐሩር ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መተሐራ ግን 950 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ የከፍታ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከዚያ ተነሥቶ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለውን የፈንታሌን ተራራ የሚወጣ ሰው ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ለየራሱ በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ ውሃ መያዝ፣ አገሩን የሚያውቅ መሪ ማስከተልም ይገባዋል።

ማደሪያን መምረጥ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ለጥ ያለና ለስላሳ ስለ ሆነ ድንኳን ትከሉብኝ የሚል ይመስላል። ነገር ግን በበልግ ወራት በረሃው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የጣለው ዝናብ በሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ አስተዋይ ተጓዥ አስቀድሞ በግራር ግንድ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባና ጭራሮ አይቶ፣ ያለፈው ጎርፍ እስከ የት እንደ ደረሰ ይለካል። የከረዩ አርብቶ አደሮችንም ይጠይቃል። ለድልድይ ቁመት የሚያስፈልገው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጠራ ውሃ ሁሉ አይጠጣም። በብዙ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሚለው መጠን ያልፋል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ያከማቸዋል።

ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ከፈንታሌ ግርጌ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፤ የግጦሽ መሬት ተዋጠ። ውሃው ጨዋማ በመሆኑ ወደ አዋሽ የሚለቀቀው እየተመጠነ ነው፤ ከታች የሚጠጣና የሚያለማ ሕዝብ አለና። ለመስፋፋቱ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃና የፍል ውሃ ምንጮች በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። የሐይቁ ዳርቻ ሲገፋ ቀድሞ ያየው ግን ካርታ አልነበረም፤ ከብቱን ይዞ በዓመት በዓመቱ ወደ ኋላ ያፈገፈገው እረኛ ነበር።

መሬቱም ራሱ ጸጥ ያለ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት በቆየው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬት ተሰነጠቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሡ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ተጓዥ አስቀድሞ የአካባቢውን ባለሥልጣናትና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን መጠየቅ ግዴታው ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ በጸደይ ወራት ወጣት መሐንዲሶችን ለሦስት ቀን በእግር ያውጣ፤ ለበረሃ የሚነደፍ ሥራም፣ ነዳፊው ቦታውን በሐሩሩ ወራት በእግሩ ሳይረግጠውና ነዋሪውን ሳይጠይቅ አይጽደቅ። የሦስት ቀን ድካም፣ ሐይቅ የሚውጠውን መንገድ ደግሞ ደጋግሞ ከመሥራት ይቀልላልና።