በጥቂት ገንዘብ ምን ዐይነት ማይክሮፎን እንግዛ?

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም ገንዘቡ የእናንተ ነው። ከምሳና ከመጓጓዣ ቀንሳችሁ ያዋጣችሁት ብር በምን ላይ እንደሚውል የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ እኛም የማስረዳት ግዴታ አለብን። የሙዚቃ ክፍላችን ልምምዱንና ዘፈኖቹን ለመቅረጽ ማይክሮፎን ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጥያቄው ምን ዐይነት፥ ስንት፥ ለየትኛው መሣሪያ የሚል ነው።

አስቀድሞ ግን «መቅረጽስ ለምን አስፈለገ? ተጫውቶ መደሰት አይበቃም ወይ?» ለሚለን ወንድም መልስ መስጠት ይገባል። የተማሪ ባንድ ዕድሜው አጭር ነው። ዘንድሮ ክራር የምትመታው እኅታችን ትመረቃለች፤ ማሲንቆ የሚጫወተው ወንድማችን በሚቀጥለው ዓመት ይከተላታል። ከየአገራቸው ይዘዋቸው የመጡት ዜማዎችና አብረን ደክመን ያቀናበርናቸው ዘፈኖች ካልተቀረጹ ከእነርሱ ጋር ወጥተው ይሄዳሉ፤ አዲስ የሚመጣውም ተማሪ ሁሉን ነገር ከሀ ይጀምራል። የከተማችን የሙዚቃ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ስለ ጀመረ የዚያን ዘመን ዘፋኞች ድምፅ ዛሬም እንሰማለን፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ለውጭ አገር ሰዎች ለመድረስ የቻለው የተቀረጸ ነገር ስለ ነበረ ነው። በዚያው ዘመን በየምሽት ክበቡ ተጫውቶ ያልተቀረጸው ግን ከሰሚው ጋር ቀረ። እኛ የምንፈራው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። በገበያ የምናገኛቸው ማይክሮፎኖች በብዛት ሁለት ዐይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። በውስጡ ስስ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑም ጀርባ የሽቦ ጥቅል ተያይዟል። ድምፅ ሽፋኑን ሲያርገበግበው ጥቅሉ በማግኔት መካከል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በዚህም ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከውጭ የሚገባለት ኃይል አያስፈልገውም፤ ጠንካራ ነው፤ የከበሮና የጊታር ማጉያ ጩኸት አያስደነግጠውም። ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። በእርሱ ውስጥ የሚርገበገብ ስስ ሽፋንና የማይንቀሳቀስ ዝርግ ብረት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ የኤሌክትሪኩ ሁኔታ አብሮ ይለዋወጣል። ሽፋኑ ቀላል ስለ ሆነ ረቂቅ ድምፅ ያነሣል፤ የክርን ንዝረት፥ የትንፋሽን ሽውታ ይሰማል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ኃይል በገመዱ በኩል ሊላክለት ይገባል፤ ይህንንም ባለ ሙያዎቹ «ፋንተም» ይሉታል። ደግሞም የሚሰማው መልካሙን ድምፅ ብቻ አይደለም። የወንበሩን መንቋቋት፥ የጎረቤቱን ሳል፥ በመስኮት የሚገባውን የመኪና ድምፅ ሁሉ ሳያዳላ ይመዘግባል።

ከመካከላችን «አንድ ውድ ኮንደንሰር ገዝተን እንገላገል» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን ልምምድ የምናደርግበትን አዳራሽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ጊዜ ያጨበጨበ ሰው ሦስት ጊዜ ይሰማል። በእንዲህ ያለ ቤት ውድ ማይክሮፎን መትከል የቤቱን ጉድለት አጥርቶ ለመቅረጽ መክፈል ማለት ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የተባለው ለእኛም ጭምር ነው።

ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ ርቀትን እንማር። በሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በአዳራሽ ውስጥ ግን ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በየትም ቢቆሙ እምብዛም አይለዋወጥም። እንግዲህ ማይክሮፎኑን ባራቅነው መጠን ክራሩ ይደክማል፤ አዳራሹ ይበረታል። ባቀረብነው መጠን ደግሞ ክራሩ ያሸንፋል። ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ሁለት ተጫዋቾች በሁለት ማይክሮፎን ሲቀረጹ ደግሞ በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከመሣሪያው ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ይኸውም ማይክሮፎኑ ከክራሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ ማለት ነው። ይህ ካልሆነ አንዱ ድምፅ በሁለቱም ውስጥ በተለያየ ጊዜ ገብቶ ራሱን በራሱ ያሳሳዋል።

የቦታ ነገር ምን ያኽል ኃይል እንዳለው ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንስጥ። ካውቦይ ጃንኪስ የተባለው የካናዳ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1987 በቶሮንቶ ከተማ በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን» የተባለውን አልበም ሲቀርጽ ተጫዋቾቹ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ነበር የተቀመጡት። ማይክሮፎኑ ርካሽ አልነበረም። ሆኖም ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል፤ ድምፁን ያመዛዘኑት ሰዎቹን በማቅረብና በማራቅ ነው። እኛም ከበሮውን ወደ ኋላ፥ ማሲንቆውን ወደ ፊት ማድረግ እንችላለን።

አሁን በየመሣሪያው እንሂድ። ከበሮ ኃይለኛ ስለ ሆነ ዳይናሚክ ይበቃዋል፤ ከትልቁ አፍ ፊት ከመካከሉ ትንሽ ዘወር ብሎ ይተከል። የኤሌክትሪክ ጊታርም እንዲሁ ነው፤ ማይክሮፎኑን ከማጉያው ጨርቅ ሁለት ሦስት ጣት ማራቅ ነው። ወደ መካከል ሲያነጣጥሩት ድምፁ ይሰላል፤ ወደ ዳር ሲያደርጉት ይለሰልሳል። ለዚህ ሥራ በዓለም የታወቀው የሹር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ኤስ ኤም 57 ነው፤ ከ40 እስከ 15,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይቀበላል። ወንድሙ ኤስ ኤም 58 በ1966 ወጣ፤ እርሱ ለዘፋኝ የተሠራ ስለ ሆነ ትንፋሽ የሚያበርድ ክብ ራስ አለው። ከእነዚህ በጣም በሚያንስ ዋጋ የሚሸጥ ቤሪንገር ኤክስ ኤም 8500 የሚባል የድምፃዊ ማይክሮፎንም አለ፤ ለልምምድ መቅረጫ ያለ ሐፍረት ይበቃል።

ክራር፥ ማሲንቆና ዋሽንት ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ድምፃቸው ረቂቅ ነው፤ ኮንደንሰሩ የሚያስፈልገን ለእነርሱ ነው። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤ ቲ 2020 ያለ መጠነኛ ኮንደንሰር ይህን ይፈጽማል። በክራር ጊዜ ቆዳው ላይ ወደ ተቀመጠው የክሮቹ መደገፊያ አቅጣጫ 30 ሳንቲ ሜትር ያኽል ይራቅ። በማሲንቆ ጊዜ ቆዳውን ይመልከት እንጂ ደጋኑ ፀጉሩን በሚፈትግበት ቦታ ላይ አያፍጥጥ። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ደግሞ በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ አይተንፍስ፤ ወደ ጎን ዘወር ይበል። ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ማይክሮፎን እንኳ አይፈልጉም፤ በገመድ በቀጥታ ወደ መቀበያው ይገባሉ። ለእነርሱ ማይክሮፎን መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። የጠቀስናቸው ማይክሮፎኖች ሁሉ ከፊት የሚመጣውን በደንብ ሰምተው ከኋላ የሚመጣውን ችላ የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ማይክሮፎን ስንተክል ፊቱ ወዴት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ጀርባውን ለማን እንደሰጠ እንመልከት። የድምፃዊቷ ማይክሮፎን ጀርባው ወደ ከበሮው ከሆነ ግማሹ ችግር ተቃለለ። በጣም ሲያቀርቡት ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ ቀጭን ድምፅ ላለው ዘፋኝ ይረዳል፤ ለወፍራሙ ግን ሁለት ጣት ራቅ ማለት ይሻላል።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ማይክሮፎን ብቻውን አይሠራም፤ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሳውንድ ካርድ፥ ማቆሚያ፥ ገመድ፥ ማዳመጫ ያስፈልገዋል። ከተዋጣው ገንዘብ ከ10 እጅ 4ቱ አራት ማይክሮፎን ለሚቀበልና 48 ቮልት ለሚሰጥ ሳውንድ ካርድ ይዋል፤ ማይክሮፎን አንድ በአንድ ሊጨመር ይችላል፥ የካርድ ቀዳዳ ግን አይጨመርም። 3ቱ እጅ ለሦስት ርካሽ ዳይናሚክና ለአንድ መጠነኛ ኮንደንሰር፥ 2ቱ ለማቆሚያና ለገመድ፥ 1ዱ ለማዳመጫ ይሁን። ገንዘቡ ካልበቃ ኮንደንሰሩ ይቆየን፤ ማቆሚያው ግን አይቅር። በእጅ የተያዘ ወይም ወንበር ላይ የታሰረ ማይክሮፎን ዛሬ ያገኘውን ድምፅ ነገ አያገኘውም።

ስትገዙም ተጠንቀቁ። የታወቁት ማይክሮፎኖች፥ በተለይ ኤስ ኤም 58፥ አስመስሎ የተሠራባቸው ብዙ ነው። ዋጋው ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ሳትከፍሉም ሰክታችሁ ቀርጻችሁ ስሙት። ስም ያለውን ሐሰተኛ ከመግዛት ስም የሌለውን እውነተኛ መግዛት ይሻላል።

ዕቃው እስኪገዛ ድረስም ሥራ አይፈታም። በዚህ ሳምንት ልምምድ ላይ በአንድ ስልክ እንጀምር። ስልኩ ከፍ ያለውን ድምፅ ዝቅ፥ ዝቅ ያለውን ከፍ የማድረግ ልማድ አለውና የሙዚቃውን ኃይል በትክክል አያሳይም፤ ቦታ ለመምረጥ ግን ይበቃል። አንዱን ዘፈን በአዳራሹ አራት ማዕዘኖችና በመካከሉ ቀርጸን እናወዳድር። ከየመኝታ ክፍላችን ብርድ ልብስና ጋቢ አምጥተን ከተጫዋቾቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ እንስቀል፤ ቀጭኑ ማስተጋባት ይረግባል። አንድ ሰው በየልምምዱ ቀኑን፥ የዘፈኑን ስም፥ የተጫዋቾቹን ስምና ማይክሮፎኑ የቆመበትን ርቀት በደብተር ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ቅጂ ከዓመት በኋላ ማን እንደተጫወተው የሚያውቅ አይኖርም፤ ያኔ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ቅጂውም በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ አይቀመጥ፤ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

አንድ ወንድም «ርካሽ ዕቃ ርካሽ ሥራ ያወጣል» ብሎ ሲከራከር ሰምተናል። ርካሽ ማይክሮፎን የራሱ ጉድለት እንዳለው አንክድም፤ ረቂቁን ድምፅ ያጎድላል፥ ትንሽ ሹክሹክታም ይጨምራል። ይሁንና የተስተካከለ ክራር፥ የተጠና ዘፈንና በልክ የቆመ ማቆሚያ ባሉበት ጉድለቱን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ያልተስተካከለ ክራርን ግን ማንኛውም ማይክሮፎን፥ የፈለገውን ያኽል ቢወደድ፥ አስተካክሎ አይቀርጽልንም።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን የገንዘብ ክፍፍል ተወያይታችሁ በድምፅ ብልጫ እንድትወስኑልን ነው። የሚመረቁት ወንድሞችና እኅቶች ሰኔ ላይ ከመሄዳቸው በፊት የያዙትን ዜማ በስማቸው ቀርጸን ለተከታዮቻችን እንድናስረክብ ጊዜው አጭር ነው።