የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን አደባልቆ ስለ መውሰድ
ለሕዝብ የተደረገ የጤና ንግግር



ሕመም የጸናበት ሰው እፎይታን ከአንድ ሥፍራ ብቻ አይፈልግም። ወገቡን የሚያመው አንድ ሽማግሌ ከጤና ጣቢያ ዲክሎፌናክ ታዞለት ይወስዳል፤ እስከ ማታ ባይለቀው ከጎረቤት አይቡፕሮፌን ያስመጣል፤ በውጭ አገር የምትኖር ልጁ የላከችለት ታይለኖልም በሣጥኑ አለ። ሦስቱን ሲውጥ ሦስት ልዩ ልዩ ረዳቶችን የጠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለቱ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው።

ዲክሎፌናክ፥ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይበዛ ያግዳሉ። ይህ ንጥረ ነገር ሕመምንና እብጠትን ያነሣሣል፤ ይኸው ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፥ ደምም ወደ ኩላሊት በሚገባ እንዲደርስ ያግዛል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድነት ሲወሰዱ ማስታገሱ እምብዛም ሳይጨምር የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ይበረታል። መርፌ ጨጓራን አይነካም የሚለው አሳብም ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ በደም በኩል ይደርሳልና። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ አደጋው እጅግ የከፋ ነው። ለደም ግፊት ኤናላፕሪልንና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አጣምሮ በሚወስድ ሰው ላይም ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። ለልቡ በየቀኑ ጥቂት አስፒሪን የታዘዘለት ሰው ግን ይህን ሰምቶ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ፓራሲታሞል የሌላ ወገን ነው። ጨጓራውና ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ከአይቡፕሮፌን ጋራ ለጥቂት ቀን ቢወስደው የሚከለክለው የለም። የእርሱ አደጋ በስሙ ብዛት ነው፤ ፓናዶልም ታይለኖልም እርሱ ራሱ ነው፥ በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተቀላቅሎ ይገኛል። ጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፥ ይኸውም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ጉበቱን የታመመ፥ ሰውነቱ የከሳ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ልኩ ከዚህ ያነሰ ነው። የጉበቱ ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ላይታወቅ ይችላል፤ ማርከሻው ደግሞ ፈጥኖ ሲሰጥ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ በቤቱ አይቀመጥ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ትራማዶልና ሞርፊንን የመሰሉት ጽኑ ማስታገሻዎች ከዲያዜፓም ወይም ከመጠጥ ጋራ ሲገናኙ ነው። ሁለቱም አንጎልን ያዳክማሉና እስትንፋስ እያነሰ ሄዶ፥ የተኛ የመሰለው ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ፥ ከማስጠንቀቂያ ሁሉ ጠንካራ በሆነው ዓይነት፥ ከመድኃኒቶቹ ጋራ እንዲወጣ አዟል። ትራማዶል ለመንፈስ ጭንቀት ከሚሰጡት ከፍሉኦክሰቲንና ከአሚትሪፕቲሊን ጋራም ቢሆን ሐኪም ሳያውቅ መደባለቅ የለበትም፤ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ያስነሣልና።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፥ ከጎረቤት የተገኘውንም ሳይቀር፥ በአንድ ከረጢት ይዞ ይሂድ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያም በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን ከበታቹ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም እንዲያሳየው ይጠይቅ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፥ ደም ያስመለሰ ወይም ተቀስቅሶ የማይነቃ ሰው ሲገኝ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ባዶ ማሸጊያዎችም አብረው ይሂዱ።