ዝምታ የሚነቅዝበት ሥራ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችሁ ልጆቻችሁ የኮምፒዩተር ትምህርት የጀመሩላችሁ አላችሁ። እኔም በዚሁ ሙያ ስለምሠራ፣ ስጀምር የተሰናከልኩበትን ነገር ልንገራችሁ።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራው በቡድን ነው። ገና ያልተሠራው ሥራ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ተጽፎ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 በይፋ በቀረበው፣ ስክረም በሚባለው አሠራር፣ ቡድኑ ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየ2 ሳምንቱ፣ ተሰብስቦ ቀጥሎ የሚሠራውን ከዝርዝሩ ይመርጣል። ነገር ግን ምስር ሳይለቀም ድስት እንደማይገባ ሁሉ፣ ዝርዝሩም ከዕቅዱ ስብሰባ በፊት መጥራት አለበት። ይኸውም የሚቀድመውን ከላይ ማስቀመጥ፣ ትልቁን ሥራ መከፋፈል፣ ያልገባንን መጠየቅ፣ ሥራው «አለቀ» የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ መስማማት ነው።

ያን ጊዜ የሐኪም ቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። በዝርዝሩ ላይ «ሕመምተኛው ቀጠሮውን መለወጥ ይችላል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ዝርዝሩን ስናጠራ ነገሩ አልገባኝም፤ ነገር ግን በታላላቆቼ ፊት መናገር ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። በዕቅዱ ቀን «በ3 ቀን እጨርሳለሁ» አልኩ። 2 ሳምንቱ አለቀ፤ ሥራው ግን አላለቀም። ቀጠሮው ስንት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ መለወጥ ይቻላል? የተለቀቀው ሰዓት ለሌላ ሰው ይሰጣል? ለሕመምተኛው መልእክት የሚላከው በየትኛው ቋንቋ ነው? ይህን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ያ አንድ መስመር ሦስት ትንንሽ ሥራ ይሆን ነበር። የቡድኑ ኃላፊም ያዘነችብኝ ስላልጨረስኩ አልነበረም። «ዝም ስትል የገባህ መሰለን» አለችኝ።

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ጠብ በተነሳ ጊዜ እውነት ነው። በዚህ ሥራ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ታላቅን ማክበር ከእናንተ ተምረዋል፤ አይጣሉት። ይሁን እንጂ ያልገባን ነገር በትሕትና መጠየቅ ድፍረት እንዳልሆነ ንገሯቸው። ከእናንተ አፍ ከሰሙት ልባቸው ያርፋል።

ወጣቶች ደግሞ ዝርዝሩን በዋዜማው አንብቡ፤ ያልገባችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ፤ መናገር ቢያስፈራችሁ እንኳ ከወረቀቱ አንብቡት።