የዋጋው ዓመት በማን አቆጣጠር ነው?



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ባሳተምሁት አንድ የወጪ ጥናት፣ ከሠንጠረዡ በላይ «በ2009 ዋጋ» ብዬ ጽፌ ነበር። መረጃውን የወሰድሁት ከጤና ጣቢያ የሒሳብ መዝገብ በመሆኑ፣ 2009 ማለት ለእኔ የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ነበር። «ዓ.ም.» የምትለዋን ምልክት ግን በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ አላኖርሁም። በውጭ አገር የሚሠራ አንድ ተመራማሪ ቁጥሬን ወስዶ በጎርጎርዮሳዊው 2009 ምንዛሪ ወደ ዶላር ለወጠው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። በጎርጎርዮሳዊው 2009 አንድ ዶላር 12 ብር ገደማ ነበር፤ በእኛው 2009 በጀት ዓመት ደግሞ 22 ብር ገደማ። ስለዚህ አንድ ሺህ ብር በመጀመሪያው ስሌት 83 ዶላር፣ በሁለተኛው 45 ዶላር ይሆናል። ሕክምናው በወረቀት ላይ በእጥፍ ገደማ ተወደደ። ተመራማሪውን መውቀስ አይቻልም፤ ያነበበው የጻፍሁትን ነው።

በዚህ ዘርፍ የሪፖርት አቀራረብ መስፈርት አዲስ ነገር አይደለም። ድራመንድና ጀፈርሰን በ1996 እ.ኤ.አ. ለብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያዘጋጁት መመሪያ ነበር። በ2013 ባለ 24 ነጥቡ ቺርስ መጣ፤ በ2022 ተሻሽሎ 28 ነጥብ ሆነ። አዲሱ እትም የጤና ጥቅሙ ለየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደሚደርስ፣ ታካሚዎችም በጥናቱ እንዴት እንደተሳተፉ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ሁለቱም ራሱን የቻለ ንግግር የሚሹ ናቸውና ዛሬ አልፋቸዋለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ 15ኛው ነጥብ ነው፤ የገንዘቡ ዓይነት፣ የዋጋው ጊዜና የምንዛሪው ዓመት ይገለጽ ይላል። ተማሪዎቻችን ብዙውን ጊዜ «ገጽ 6» ብለው ምልክት አድርገው ያልፉታል። ገጽ 6 ሲገለጥ የሚገኘው አንድ የዶላር ድምር ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ከብዷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባው የላቦራቶሪ ኬሚካል ከዶላሩ ጋር ይወጣል፤ የነርሷ ደመወዝ ግን በብር የተቆረጠ ነውና በዚያው ፍጥነት አይከተለውም። ሁለቱን ደምሮ በዶላር ብቻ ያቀረበ ጥናት ከዚያ ቀን በኋላ በማንም ሊታደስ አይችልም። ስንት ኪኒን፣ ስንት የአልጋ ቀን፣ ስንት የባለሙያ ደቂቃ እንደዋለ ከነጠላ ዋጋው ለይቶ ያቀረበው ግን የዛሬን ዋጋ አስገብቶ እንደገና ሊሰላ ይችላል።

መስፈርቱ የጥናትን ጥራት አይመዝንም፤ ደካማ ጥናትም 28ቱን ሁሉ አሟልቶ ሊቀርብ ይችላል። ልዩነቱ ድክመቱ ለሁሉም መታየቱ ነው። አገራችን በ2019 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ፓኬጇን ስትከልስ ወጪ-ውጤታማነት ከመምረጫ መመዘኛዎቹ አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለው ምርጫ ላይ በስሕተት እጥፍ የሆነ ዋጋ አንድን ሕክምና ከተራው ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል።

ወደ ራሴ ጥናት ልመለስ። ለመጽሔቱ የላክሁት ማስተካከያ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ዋጋው ከሐምሌ 1 ቀን 2008 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ያለው ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2016 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2017 ነው። ለተመራማሪውም ጻፍሁለት፤ ስሌቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተካከለ። የመጀመሪያው ቁጥሩ ግን በዚያን ጊዜ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሶ ነበር።

ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።