የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያዎች ትምህርት በልዩ ልዩ አገሮች



አንድ ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ወይም በደም ግፊት ምክንያት ግማሽ አካሉ ሰንፎ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ሐኪሙ ነፍሱን ያተርፍለታል። ነገር ግን ከሞት መትረፍና ወደ ሥራ መመለስ አንድ አይደሉም። በሽተኛው እንደ ገና ቆሞ እንዲሄድ፥ ልብሱን ራሱ እንዲለብስ፥ እንጀራውን በእጁ ቆርሶ እንዲጎርስ የሚያለማምደው የተሐድሶ ሕክምና ባለሙያ ነው። ለመሆኑ ይህ ባለሙያ እንዴትና ስንት ዓመት ይማራል? መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. አራት ነርሶች የሙያ ማኅበር መሠረቱ፤ የዛሬው የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ከዚያ የበቀለ ነው። አሁን በዚያ አገር ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ቆይቶ በመጀመሪያ ዲግሪ ይመረቃል።

በአሜሪካ ሙያው የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉትን ወታደሮች ለመርዳት በአጭር ጊዜ በሠለጠኑ ሴቶች ነው። ከ2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ወደ ፊዚዮቴራፒስትነት የሚያስገባው ትምህርት ሁሉ የዶክተርነት ማዕርግ የሚያሰጥ ሆኗል። ይኸውም ለመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት፥ ከዚያም በላይ ሦስት ዓመት ያህል ማለት ነው።

ጀርመን ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ተማሪው ሦስት ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት ይማራል። በዚህም ጊዜ 2,900 ሰዓት ትምህርቱን ይከታተላል፤ 1,600 ሰዓት ከበሽተኞች ዘንድ ይለማመዳል፤ በመጨረሻም የመንግሥት ፈተና ይወስዳል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? በዓመታት ቍጥር ብቻ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። የጀርመኑ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክመው በሐኪም ትእዛዝ ነው። አሜሪካዊው ግን እንደየክፍለ ግዛቱ ሕግ መጠን ሐኪም ሳያዝዘው በሽተኛውን ተቀብሎ ሊመረምር ይችላል። ኀላፊነቱ በሰፋ መጠን ትምህርቱም ይረዝማል፤ ትምህርቱ በረዘመ መጠንም ወጪው ይከብዳል፥ ባለሙያውም ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ስንት ዓመት ይማር ከማለት አስቀድሞ ምን ሥራ ይጠብቀዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ በታች አይውረድ የሚባል ወሰንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች የዓለም ፌዴሬሽን፥ ተማሪው በየትም አገር ቢማር ከ1,000 ሰዓት ያላነሰ የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃል። እጅ የሚፈታው በሽተኛን በመንካት እንጂ መጽሐፍን በመግለጥ ብቻ አይደለምና።

በእኛም አህጉር ትምህርቱ አለ። በታንዛንያ፥ በሞሺ ከተማ፥ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. የተመሠረተው ትምህርት ቤት ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠሩትን ባለሙያዎች ከልዩ ልዩ የአፍሪቃ አገሮች ተቀብሎ ያስተምራል። በአገራችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒን ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ የትምህርት ማስረጃ የምትመረምሩ ሁሉ፥ ከውጭ አገር የመጣ ወረቀት በቀረበላችሁ ጊዜ የማዕርጉን ስም ብቻ አትመልከቱ። ባለቤቱ ስንት ሰዓት በሽተኛ ዘንድ እንደ ቆመ፥ በማን ሥር እንደ ተለማመደ፥ ምን እንዲሠራ እንደ ተፈቀደለት ጠይቁ። ብቃት የሌለው ቢያልፍ የሚጎዳው በሽተኛ ነው፤ ብቃት ያለው በወረቀት ስም ቢመለስም ሳይረዳ የሚቀረው ያው በሽተኛ ነው።