ማን በማን ሥር? ከጤና ኬላ እስከ ክልል

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከቦንጋ ስመጣ ብዙዎቻችሁ ቡናና ማር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጤና መረጃ ዛፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያደርጉበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር እያንዳንዱን ተቋም በአንድ ወላጅ ሥር ያስቀምጣል። ጤና ኬላ በጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያ በወረዳ፣ ወረዳ በዞን፣ ዞን በክልል ሥር ይውላል። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ሆኖ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የመዘገበችው ቁጥር በዚህ መስመር እየተደመረ ወደ ላይ ይወጣል።

ከዛፉ ሌላ ቡድን የሚባል አለ። ተቋሙ ወላጁ አንድ ቢሆንም በዓይነቱም በባለቤትነቱም ይመደባል፤ «በካፋ ዞን ያሉትን ጤና ጣቢያዎች ብቻ አሳየኝ» ማለት የሚቻለው በዚህ ነው።

«ታዲያ ሐኪም ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ወባን እንውሰድ። ካፋ ሲባል ጫካና ደጋ ይታሰባል፤ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወረድ ግን ቆላ ነው። አንድ ወረዳ 20 ጤና ኬላ አለው እንበል። 19ኙ ሪፖርት ላኩ፤ ወረዳው 95 በመቶ ሆነ፣ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ በራ። ዞን ላይ ያለው ሰው አይቶ ያልፋል። ዝም ያለችው አንዷ ኬላ ግን ምናልባት መንገዷ በዝናብ የተቆረጠ፣ ኔትወርክ የሌላት፣ በሽታውም የተነሳባት እሷው ልትሆን ትችላለች። «ዜሮ ታማሚ» ብሎ መላክና ጭራሽ አለመላክ እኮ አንድ አይደለም! ስለዚህ እኔ ከላይ ያለውን ቀለም አላምንም፤ እስከ ታች ከፍቼ እወርዳለሁ፣ ዝም ወዳለችው ኬላም ስልክ እደውላለሁ።

ዛፉ ደግሞ ቅርጹን ይቀይራል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ተመሠረተ፤ ካፋም ከደቡብ ክልል ወጣ። በዚህ ሶፍትዌር አንድ ዞን ወደ አዲስ ወላጅ ሲዛወር በሥሩ ያሉት ሁሉ የድሮ መረጃቸውን ይዘው አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የ2011ን የክልል ድምር ዛሬ አውጥታችሁ ያኔ ከታተመው ጋር ባይገጥም አትደንግጡ። ማንም ቁጥር አልሰረቀም፤ ልጁ ወላጅ ቀይሮ ነው። በየዓመቱ ያለውን ለውጥ የምታጠኑ መምህራን ድምሩ በየትኛው አደረጃጀት እንደወጣ ጻፉልን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህ ዛፍ ማን ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ እንጂ በሽተኛ ወዴት እንደሚሄድ አያሳይም። ከእኛ ዘንድ የከፋባት ወላድ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ጅማ ትሄዳለች፤ ጅማ ደግሞ ኦሮሚያ ነው። እዚያ ብታርፍ ሞቷ በተቀበላት ሆስፒታል መስመር ይቆጠራል። የካፋ ገጽ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ እኛም ደህና ሠራን ብለን እንቀመጣለን። ሁለቱ ሆስፒታሎች ካልተደዋወሉ በስተቀር ከየት መጥታ፣ የት ዘግይታ እንደሞተች ማንም አይጠይቅም።

መምህራኖቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን ለማኅበረሰብ ሥራ ወደ ገጠር ስትልኩ አንድ ነገር አዘዙልኝ፦ በደረሱበት ጤና ጣቢያ ዛፉን በወረቀት ይሳሉ፤ በዚህ ወር ዝም ያለችውን ኬላ ለይተው ሄደው ይዩአት። በሽተኛዋ የምትሄድበትንም መንገድ በሌላ ቀለም ያስምሩበት።